አደይ ያልጠራችው ስም

አክስቴ አደይ የልጇን አባት ስም አልጠራም ብላ ሦስት ቀን አማጠች። እኔ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ የሷ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ በዚያ ቤት ከጨከኑባት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። የአደይ ባል ክንዱ ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ዱር ገባ። እናቴ ይኸን ስትሰማ እኔን ከማንኩሳ አምጥታ ለታናሽ እኅቷ ሰጠቻት፤ ብቻዋን ከምትሆን ውኃ ትቅዳላት፣ የሰው ትንፋሽ ትሁናት ብላ። ስለዚህ ክንዱን አላውቀውም። ሠርጋቸው ላይ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ አይቼዋለሁ ይሉኛል፤ እኔ የማስታውሰው ግን የለም።

አገራችን ሾላ ሜዳ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወደ ፈጠም ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ሃያ ያህል ቤት ነበር። ጭቃ ሹሙ ዳኘው ይባላል። ጣልያን ሲመጣ ቀድሞ ሄዶ እጅ ነሣ፤ ሹመቱም ጸናለት። በዚያው ሰሞን መንደሩን በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰብስቦ አስማለ። ሽፍታ ቤቱ ያስገባ፣ ያበላ፣ ያሳደረ ቢገኝ የሱ ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም እንዲቃጠል። አደይም ከሴቶቹ ጋር ቆማ ማለች። ቀሚሷን ይዤ ነበር፤ ስትምል ነጠላዋን እስከ አፏ ስትስብ አየሁና የበረዳት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ባሕታዊው ወደ ቤታችን መምጣት የጀመሩት። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር፣ ከብት በሚገባበት ሰዓት ከወንዙ በኩል ሽቅብ ይመጣሉ። ደበሎ ለብሰው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ መቋሚያ ይዘው። ጢማቸው ደረታቸው ደርሷል። አይናገሩም፤ የዝምታ ሱባኤ ይዘዋል ብላኛለች አክስቴ። እሳቸው ሲገቡ አደይ እግራቸው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ስታጥባቸው እንባዋ ከውኃው ላይ ጠብ ጠብ ሲል አይቻለሁ። ጾም ስታጓድል የማውቃት ሴት ለመነኩሴ እንዲህ መሆኗ ይገርመኝ ነበር። ኩበቱ ከግድግዳው ሥር ተቆልሎ ሳለ «ሂጂ ኩበት ልቀሚ» ትለኛለች። ስመለስ እሳቸው ሄደዋል።

አንድ ቀን ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኘንና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑብኝ። ከባድ እጅ ነው። ዘይት ዘይት ይሸታል። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ቄሱ የሚቀቡት ሜሮን ነው ብዬ ያን ሳምንት ራሴን ሳልታጠብ ከረምኩ። ዛሬ ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ የጠመንጃ ዘይት ነው። ባሕታዊውም ባሕታዊ አልነበሩም። ክንዱ ነበር።

እኔ ግን ይኸን አላውቅም። አደይ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘችና «ሸጋዬ፣ ስለ አባ ለማንም አትናገሪ» አለችኝ። «የባሕታዊ ነገር ሰው አፍ ከገባ ጸሎቱ ይፈርሳል።» ስማቸው ማን ነው ብላት እሷም እንደማታውቀው ነገረችኝ።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር ላይ ሴቶቹ ምንጭ ስንወርድ ቅኔ ይነጋገሩ ጀመር። አንዲቱ እንስራዋን ድንጋይ ላይ እያስደገፈች «ገበሬ የሌለው ማሳ ዘንድሮ ቀድሞ አሸተ» አለች። ሌላይቱ «አረሙ ይሆናላ» ብላ ሳቀች። እኔ የእኛን ማሳ ያሉ መስሎኝ ሮጬ ሄጄ አየሁት። ክንዱ ከሄደ ወዲህ ያረሰው የለም፤ አሜኬላ ውጦታል። ቤት ገብቼ ለአደይ ነገርኳት፤ ማሳችን አሽቷል ይላሉ፣ እኔ ግን አረም ብቻ ነው ያየሁ ብዬ። ትፈጭ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም፤ መጁን ግን አቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጭ የምወርደው ብቻዬን ሆነ።

መጋቢት ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ምሰሶውን ይዛ ብዙ ቆየች። አዋላጅ እንድጠራላት ልትነግረኝ ከንፈሯን ከፍታ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች። በመጨረሻ «በይ እንግዲህ፣ እመት ወለተ ኢየሱስን ጥሪልኝ» አለች።

በሾላ ሜዳ ከእመት ወለተ ኢየሱስ ሌላ አዋላጅ አልነበረም። የጭቃ ሹሙ የዳኘው እናት ናቸው። እስከ ዛሬ አንቱ ብዬ ነው የማነሣቸው፤ ልማድ ነው። የመንደሩ ልጅ ሁሉ በእጃቸው ላይ ነው የወጣ። አራት ሴቶች አስከትለው መጡ። ገብተው ሆዷን አልዳሰሱም። መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከዚያ ጠየቋት።

«የማን ነው?»

«የእግዜር ነው፣ እመት።»

«የእግዜርማ ሁላችንም ነን። አባቱን ነው የጠየቅሁሽ።»

ምጡ መጣባትና ጎንበስ ብላ ምሰሶውን አቀፈች። እመት ወለተ ኢየሱስ ከመደቡ ሳይነሡ እስኪያልፍላት ጠበቁና ያንኑ ደገሙት።

የዕለቱ ነገር እንዲህ ሆኖ ዋለ። ሴቶቹ ለእኔም አስረዱኝ። ልጅ ከእናቱ ሆድ የሚወጣው በአባቱ ስም ተጠርቶ ነው፣ ስሙ ካልተጠራ በሩን አያገኘውም አሉኝ። እኔ ቃል በቃል ወሰድኩት። ጨለማ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን የሚዳብስ ትንሽ ልጅ ታየኝ። ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ። እናቱ ደግሞ እልኸኛ ሆና አፏን የዘጋችበት። በአደይ ላይ የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ጥያቄው ሌላ ድምፅ ይኖረው ነበር። የክንዱን ስም ብትጠራ፣ ዱር ያለው ሰው ወደ ቤቱ ይመላለሳል ማለት ነው። እመት ወለተ ኢየሱስ ለልጃቸው ይነግራሉ፣ ልጃቸው ለቡሬ ይነግራል፣ ወታደር ወንዙ ዳር ይደፍጣል። የሌላ ወንድ ስም ብትጠራ ያ ሰው ክዶ ይምልባታል። የቀራት ዝምታ ብቻ ነበር።

በእኛ አገር ሴት ስታምጥ ከበው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉላታል። ጠላት እንኳ ቢሆን ይላል። ለአደይ ያለላት የለም። እመት ወለተ ኢየሱስ የእመቤታችንን ስም በዝሙት ላይ አናነሣም ብለው ከልክለዋል። አንዲቱ ሴት ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር አዩዋት፤ አቆመች። አደይ ለራሷ ራሷ «ማርያም» ስትል ሰማሁ፤ ድምፁ ከጥርሷ መካከል ነው የሚወጣ።

በሁለተኛው ቀን ጉልበቷ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ሆዷን በመቀነት አስረው ሁለት ሆነው ወደ ታች የሳቡት። ልትተኛ ስትል በጥፊ አነሡዋት። በርበሬ እሳት ላይ ነስንሰው አጠኗት፤ እኔም ውጭ ሆኜ አስነጠሰኝ። ጭኗን እየቆነጠጡ እመት ወለተ ኢየሱስ «ስትሠሪው እንዲህ አልጮህሽም» አሏት፤ ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩበትን አላውቀውም፤ ትልልቆቹ ስለሳቁ ነው። ውኃ ስትጠይቅ ውኃ ምጡን ያቀዘቅዘዋል እያሉ ከለከሏት።

ቀትር ላይ ሴቶቹ አየር ሊቀበሉ ወደ ደጅ ወጡና ብቻችንን ቀረን። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። «ሸጋዬ፣ ውኃ» አለችኝ። በቅል ቀዳሁና ሄድኩ። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ።

«ስሙን ንገሪኝና እሰጥሻለሁ» አልኳት።

እጇን እንደ ዘረጋች ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን ሰበሰበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውኃውን እኔው ጠጣሁት። እየተናደድኩ ነበር የጠጣሁት፤ ለዚያ ጨለማ ውስጥ ላለው ልጅ ያዘንኩለት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሳስብ ሳስብ፣ በቤታችን ውስጥ የማይነገር ነገር አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። አደይ ደብቂ ያለችኝ የባሕታዊውን ነገር ነው። እንግዲያስ የተደበቀው ስም የሳቸው መሆን አለበት። አባት የሚባለውም ቄስ ነው፣ መነኩሴ ነው፤ ሁሉም «አባ» ይላቸው የለ? እንዲህ አድርጌ አገናኘሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት መሐል ገብቼ ቆምኩ።

«እመት፣ ስሙን ባላውቀውም ሰውየውን አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «ባሕታዊው ናቸው። ማታ ማታ ይመጣሉ። አክስቴ እግራቸውን ታጥባቸዋለች።»

አደይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዓይኗ የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም ነበር፤ አሁን ግን ነቅታ አየችኝ። የተቆጣችኝ መሰለኝ። አልነበረም። ሦስት ቀን ያላረፈች ሴት፣ እኔ በስንፍናዬ የወረወርኩላትን ነገር አንሥታ እየመዘነችው ነበር።

እመት ወለተ ኢየሱስ «እውነቷን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እውነቷን ነው» አለች አደይ። «መነኩሴ ነው። ከሩቅ ገዳም መጣሁ ብሎ ነው የገባ። ስሙን አልነገረኝም። ካረገዝኩ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።»

ሁልጊዜ አንቱ ስትላቸው የኖረችውን ሰው «እሱ» አለቻቸው። ደግሞም ዋሸች፤ ባሕታዊው ከመጡ ገና አሥራ አምስት ቀናቸው ነው። ላርማት አፌን ስከፍት እመት ወለተ ኢየሱስ ከመደቡ ተነሡና ሁሉም ተንጫጫ። ሳልናገር ቀረሁ። ለዚያች አፍታ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

እመት ወለተ ኢየሱስ እጃቸውን ታጠቡ፤ እጣቢውን ደጃፉ ላይ ደፉት። «የመነኩሴ ዲቃላ በእኔ እጅ አይወጣም» ብለው ወጡ። ሴቶቹም ተከትለዋቸው ወጡ፤ አንዲቱ መቃኑ ላይ ምራቋን ተፋች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አደይ አጠገብ ተቀመጥኩና አሁን ይወጣል፣ ሰምቶታል አልኳት።

አልወጣም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ዳኘው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የእናቱን ወሬ ሰምቷል፤ ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም። አራት ወንዶች አዘዘና ወሳንሳ እንዲያበጁ ነገራቸው። «ቡሬ ውሰዷት» አለ። «እዚያ ሐኪምም አለ፣ ጠያቂም አለ።»

ያን መንገድ በእግሬ ተከተልኳቸው። ተሸካሚዎቹ ሲደክማቸው ጥላ ፈልገው ያርፋሉ፤ እሷን ግን ፀሐይ ላይ ነው የሚያስቀምጧት፤ ይሸታል ብለው። ከመሐላቸው አንዱ ነጠላዬን አውልቄ ላልብሳት ስል ተቆጣኝ።

ሕክምናው ቤት ምሽጉ ግቢ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። አፍንጫ የሚያቃጥል መድኃኒት ይሸታል። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አጋድመዋት ሐኪሙ ምሳ ላይ ናቸው ተባለ። እስኪበሉ፣ ከዚያም እስኪያርፉ ጠበቅን። በመጨረሻ ገና የልጅ ፊት ያለው ፈረንጅ እጁን እያሻሸ መጣ። አብሮት ገብረ ሕይወት የሚባል፣ ነጭ ሱሪ የለበሰ አስተርጓሚ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አወጧት። በሩን አልዘጉትም። ሁለት ወታደሮች መቃኑን ተደግፈው ሲጋራ ያጨሳሉ። ሐኪሙ ቀሚሷን እስከ ደረቷ ገለበው። አደይ ልትሸፍን እጇን ስትሰድ በያዘው ብረት ጣቶቿን መታት፤ ከዚያ እጇንም እግሯንም በጠፍር አሰሯት። ፊቷን አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም። እጁን አስገብቶ ሲያበቃ ለገብረ ሕይወት ጥቂት ቃል ተናገረ።

«ልጁ አልፏል» አለ ገብረ ሕይወት።

እኔ በሩን አልፏል ያለ መሰለኝ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ገብረ ሕይወት ከኪሱ እርሳስ አወጣ። ጥርት ባለ አማርኛ፣ ሳይጮህ ነው የሚናገር። ሐኪሙ ሊያወጡልሽ ይችላሉ፣ አንቺም ትተርፊያለሽ፣ መዝገቡ ላይ ግን የአባት ስም መግባት አለበት አላት። ባሏ ክንዱ ሽፍታ መሆኑን ዳኘው ከሾላ ሜዳ የላከው መልእክተኛ ነግሯቸዋል። «ባሕታዊ እያልሽ በማን ነው የምታሾፊ? ሐኪሙ ቆመው እየጠበቁሽ ነው። ስሙን ስትጠሪ ይጀምራሉ።»

ሐኪሙ የእጁን ሰዓት አየ።

«መነኩሴ ነው» አለች አደይ። ደግሞ ጠየቃት። «መነኩሴ ነው።» ምጡ መጥቶ ሲያልፍ፣ በጠፍሩ ውስጥ ሰውነቷ ተወጥሮ ሲላላ፣ እሱ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳስነካ ይጠብቃል። ሐኪሙም እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ስንት ጊዜ እንደ ጠየቃት አልቈጠርኩም፤ ፀሐዩ ግን ከደፉ አልፎ ጠረጴዛው እግር ደርሶ ነበር።

በኋላ ወደኔ ዞረና አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ። ባሕታዊውን አይተሻል ወይ አለኝ። አዎን አልኩ። ጠመንጃ ይዘው ያውቃሉ ወይ? መቋሚያ ነው የያዙት አልኩት። ምን ይላሉ? አይናገሩም፣ ሱባኤ ላይ ናቸው። አደይ ከጠረጴዛው ላይ ራሷን አዙራ ታየኛለች።

«ሌላስ ምን ታውቂያለሽ?»

«እጃቸው ሜሮን ሜሮን ይሸታል» አልኩት።

ገብረ ሕይወት ትንሽ አየኝና ሳቀ። ለሐኪሙ ተረጎመለት፤ ሐኪሙም ወታደሮቹም ሳቁ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና እርሳሱን ኪሱ ከተተ። አደይ ዓይኗን ጨፈነች። ደህና ነገር መናገሬን ከሳቃቸው አውቄ ኩራት ተሰማኝ። በእርግጥም ክንዱን ያዳነው ያ ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ የተናገረችው ልጅ ግን አላወቀችም።

ከዚያ እኔን አስወጥተው በሩን ዘጉት። ለሳቁ ክፍት የነበረው በር ለሥራው ተዘጋ። ከውስጥ የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ አደይ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ቆይቶ አንድ ሰው በጨርቅ የተሸፈነ የቆርቆሮ ባልዲ ይዞ ወጣና ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረ። ገብረ ሕይወትን ወንድ ነው ሴት ብዬ ጠየቅሁት። «ወንድ ነበር» አለኝ። «ነበር» ማለቱን አላስተዋልኩም። ልጁን ፈረንጆቹ ሊያሳድጉት የወሰዱት መስሎኝ ለዓመታት ኖርኩ። ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ እንኳ መንገድ ዳር ቆሜ ልጅ ያዘለ ወታደር ስፈልግ ነበር።

ሌሊቱን በረንዳው ላይ አሳደሩንና ጠዋት ሂዱ አሉን። ወሳንሳው የለም፣ ተሸካሚዎቹም የሉም። አደይ በእኔ ትከሻና በአንድ በትር ተደግፋ ሾላ ሜዳ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀባት።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ልብስ ማጠብ የምትወድ ሴት ሆነች። እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። ጠዋት ታጥባለች፣ ቀትር ታጥባለች፣ ማታም ታጥባለች፤ መቀመጫዋ ሥር ሣር ትጎዘጉዛለች። እኔን ከጎኗ እንዳልተኛ ከለከለችኝ፤ የጠላችኝ መሰለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ በጽዳት ሥራ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከየገጠሩ የሚመጡ ሴቶች ወንበር ላይ መቀመጥ ሲፈሩ ባየሁ ጊዜ ነው የገባኝ። ምጥ ከልክ ሲያልፍ የሴትን ውስጧን ይቀደዋል፤ ሽንቷን መያዝ አትችልም። ዛሬ ፊስቱላ ይሉታል፤ ሐኪም ይሰፋዋል። አደይ ግን ስሙንም ሳትሰማ፣ በአርባ ዓመቷ ሞተች።

ቄሱ የመነኩሴ ነገር ነው ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንድትቆም ፈረዱባት። ሴቶቹ «የመነኩሴ ቅምጥ» አሏት። ዳኘው ባሕታዊ የተባለ ሁሉ እንዲያዝ ወንዙ ላይ ሰው አቆመ። እንዴት እንደ ላከችበት አላውቅም፣ ክንዱ ግን ጣልያን እስኪወጣ ዳግመኛ አልመጣም።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ጣልያን ቡሬን ለቀቀ። ዳኘውም ጓዙን ጭኖ አብሮ ሄደ። አርበኞቹ ከቆላ ወጡ፤ ክንዱም ጠመንጃውን ተሸክሞ መጣ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ወፍራም፣ ደስ የሚል ድምፅ ነበረው። የሚስቱን ስም መጥፋት ሲሰማ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ቅጥሩ ደጃፍ ቆሞ፣ ያንን ቆብና ደበሎ ሕዝቡ ፊት ለበሰና «ባሕታዊው እኔ ነኝ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እነዚያው ሴቶች ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች እመት ወለተ ኢየሱስን ይዘው መጡ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመዋል፤ አንገታቸው ይንቀጠቀጣል። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ብለሽ ማሪ አሏት። አደይ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ ወደ እመት ወለተ ኢየሱስ ዞራ፣ ያለ ቁጣ፣ ሰው የሚሰማው ድምፅ አውጥታ ተናገረች።

«ሴት ስታምጥ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፣ እመት። የት ላይ አመመሽ የሚል ነው። አንቱ ያንን አልጠየቁኝም። ድንጋዩን ያውርዱት፤ አርጅተዋል። ይቅርታውን ግን ከእኔ አይጠብቁ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻም ተቆጥተው ሄዱ። ለገዳይ እንኳ የሚማልድ አገር ነውና እምቢታዋን አልወደዱላትም። በዚያው ቀን ማታ ክንዱ ጠየቃት። እኔ ምድጃው አጠገብ ባቄላ እፈለፍል ነበር።

«የባሕታዊውን ነገር መጀመሪያ ከአፉ ያወጣ ማን ነው?»

እጄ ቆመ። አደይ ወደኔ አላየችም።

«እኔው ነኝ» አለች።

ክንዱ ብልሃቷን አደነቀ፤ እንዲህ ያለች ሴት አለችኝ እያለ ላገኘው ሁሉ ነገረ። አድናቆቱ ዓመት አልሞላውም። ቤቱ ይሸት ነበር፤ ልጅም አልመጣ። ሣሩን አይቶ እንዳላየ ያልፍ የነበረው ሰው በኋላ በረንዳ ላይ መተኛት ጀመረ፣ በኋላም ማንኩሳ በኩል ሌላ ሴት አጨ።

የሄደበት ቀን ሰኔ ነበር። በቅሎውን ሲጭን ጎረቤት ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ፣ ምነው ክንዱ፣ ይህች ሴት ስላንተ ስንቱን አይታ አሉት። ክንዱ መልስ አላጣም።

«ጠላት ስሟን ቢያጠፋው እኔ እመልሰው ነበር» አለ። «ራሷ ናት አፏን ከፍታ መነኩሴ ያለች። እኔ ሳልሞት እንደ ሞተ ቈጥራ ስሜን በሌላ ለወጠች። ይኸን የነገረችኝ ራሷ ናት።»

አደይ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አልተከራከረችም። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ልጅ ነኝ፤ ባሕታዊው ማን እንደ ነበር፣ ነገሩንም ያወጣው ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ እሷ አይደለችም ብል ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

አደይ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም በይ ያለችኝ ነው ብዬ ወሰድኩት፤ ብዙ ዓመትም እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬ ግን ያን አስተያየት ሳስበው፣ እየጠበቀችኝ ነበር።

ክንዱ እጁን ዘረጋ። ልጓሙን አቀበልኩት።